ሥጋ የሌለበት ምሳ

ባለቤቴን የወሰዱት ከምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ነው፤ በሥራ ልብሱ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የዚያን ቀን የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሼ ስወጣ አንድ የሥራ ባልደረባው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አየሁት፤ አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ጥፋቱ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ መጠየቁ ነበር። ከክፍላቸው አንድ ሠራተኛ ታስሮ ሳምንት አልፎት፣ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበርና ባለቤቴ "ያለበት ይነገረን፤ ቤተሰቡ ምግብ የሚያደርስበትን ቦታ ይወቅ" አለ። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልተናገረም። በማግስቱ እሱም ተወሰደ።

ዘመኑ ለጥያቄ የሚመች አልነበረም። የሶማሊያ ጦርነት እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ከተመለሰ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ታናሽ ወንድሜ ካራማራ በኩል ተሰልፎ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ እኛ ቤት ተኝቷል። ባሌ በአንድ በኩል፣ ወንድሜ በሌላ በኩል። ሌሊት ሌሊት ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም፤ ቀን ቀን ግን ሥራ ነበረኝ።

ባለቤቴን ያሰሩት በቀበሌያችን መጋዘን ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ ዕቃ ማከማቻ የነበረ፣ መስኮት የሌለው፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በሚያዝያ እዚያ ውስጥ መዋል ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ለእስረኛ ቀለብ የሚሰጥ አልነበረም፤ የታሰረ ሰው የሚበላው ቤተሰቡ ካመጣለት ነው። እኩለ ቀን ላይ ሴቶች ምሳ ዕቃችንን ይዘን በሩ ላይ እንሰለፋለን። አብዮት ጠባቂው የእስረኛውን ስም ይጠይቃል፣ ክዳኑን ከፍቶ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ ወረቀት እንዳልተደበቀበት አይቶ ያስገባል። ትንሽ ቆይቶ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው። ሳይነካ ተመልሶ "ከእንግዲህ አታምጪ" ከተባለ ግን ያ ምን ማለት እንደሆነ በዚያን ጊዜ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

የኔ ዕቃ ሁልጊዜ ተጠርጎ ነበር የሚመለሰው። ደስ ይለኝ ነበር። በላ እያልኩ እጽናና ነበር።

አርባ ቀን ያህል እንዳለፈ አንድ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ከዚያው መጋዘን ተለቀቀ። ልጠይቀው ሄድኩ። አጥንቱ ወጥቷል።

"ባልሽ ደህና ነው" አለኝ። "ግን ከስቷል። ሁላችንም ከስተናል።"

"እንዴት? በየቀኑ እኮ አመጣለሁ።"

"ታመጫለሽ። ውስጥ ግን ሰው የሌላቸው ስድስት ሰዎች አሉ። አንዱ ከደቡብ የመጣ ተማሪ ነው፤ አንዱ የአፋር ሰው ነው፤ ሌሎቹም እንደዚያው፣ ዘመዶቻቸው መታሰራቸውን እንኳ የማያውቁ ናቸው። ባልሽ ነው መጀመሪያ ምሳውን መሀል ላይ ያስቀመጠው። ከዚያ ሁላችንም አስቀመጥን። የአሥራ ዘጠኝ ሰው ምግብ ሃያ አምስት ሰው ይበላዋል።" ቀጠለና "ችግሩ ሥጋው ነው" አለ። "እናንተ ሥጋ ስታመጡ እስላሞቹ አይበሉም፤ እነሱ ቤት ሥጋ ሲሠራ ደግሞ እኛ አንበላም። በዓል በመጣ ቁጥር ግማሻችን ጦም እናድራለን። ባልሽ ሥጋ ይቅርብን በላት ብሎኛል።"

እኔ ለፋሲካ ዶሮ ሠርቼ ልኬለት ነበር። እንዴት ተጨንቄ እንደሠራሁት አስታወስኩና አፈርኩ።

በግቢያችን አንዲት ሴት ነበረች፤ ሰው ሁሉ አዴ ይላታል። ከሐረር ወዲያ ማዶ ያለ የኦሮሞ አገር ተወልዳ፣ መጋላ ገበያ ሎሚና ማንጎ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሙስሊም ናት። እናቴ ልትሆን ትችላለች፤ ግን በድሬ ልማድ አንቺ ነበር የምላት፤ እሷም ሌላ ቢሏት የሚቆጧት ይመስላት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ያለኝን ነገርኳት። የሎሚ ቅርጫቷን እየለየች ሰማችኝና "ምስር እስላም ነው ክርስቲያን?" አለችኝ።

"ምስር ምን ሃይማኖት አለው፣ አዴ።"

"በይ እንግዲያስ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሩዝ። ማን ይከለክላል? ለመጋላዎቹ ሴቶች እኔ እነግራቸዋለሁ። ላንቺ ሰዎች አንቺ ንገሪ።"

"ስድስቱስ?"

"ስማቸውን አምጪልኝ" አለች።

የስም ነገር ቀላል አልነበረም። በሩ ላይ ስም ያልጠራ ሰው ምግብ አያስገባም፤ የሰው ስም ሲጠራ ደግሞ "ምንሽ ነው?" ይባላል። ፀጉር አስተካካዩ የስድስቱን ስም ከነአባታቸው ነገረኝ። ወረቀት ላይ ላለመጻፍ ተጠነቀቅን፤ እንደ ዳዊት ደጋግሜ በቃሌ ያዝኳቸው። ከፋብሪካ ሁለት ሴቶች አገኘሁ፤ አዴ ከመጋላ ሁለት አመጣች። እሷ ከደቡብ የመጣውን ተማሪ ወሰደች፤ ስሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የክርስቲያን ስም ነው። አራቱ ሴቶች አራቱን ተካፈሉ። አንድ ስም ቀረ።

የቀረው የሶማሌ ሰው ነበር። በጅቡቲ መስመር ከሚገኙ ትንንሽ ጣቢያዎች በአንዱ ለተሳፋሪ ሻይ የሚሸጥ ነበር አሉ። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ተበትኖበት ልጆቹን ፍለጋ ድሬ ሲገባ "ሰርጎ ገብ" ተብሎ ተያዘ። ማንም ሊወስደው አልፈለገም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። አዴ ግን እኔን አየችኝ።

"አዴ፣ ወንድሜን እያየሽው" አልኳት።

"አይቼዋለሁ። እሱስ ሲቆስል ውሃ ያጠጣው ማነው? ዘመዱ ነበር?"

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ስብከት እንኳ በጥንቃቄ የሚናገሩ፣ ፈሪ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸውና በመጨረሻ "አባ፣ የማላውቀውን ሰው ዘመዴ ነው ብዬ ብዋሽ ኃጢአት ይሆንብኛል?" አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር "አዎን፣ ተይው" እንዲሉኝ ፈልጌ ነው የሄድኩት።

በሩን አዩ። ከዚያ "ውሸት የሚሆነው ዘመድሽ ካልሆነ ነው" አሉኝ። "ስሙን ንገሪኝ፤ በጸሎት አስበዋለሁ።" ነገርኳቸው። አንደበታቸው ስላልለመደው ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ምሳ ዕቃ ይዤ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አዴ ነበረች። አብዮት ጠባቂው ድሮ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ይሸከም የነበረ፣ ግማሹ ከተማ የሚያውቀው ሰው ነው። የተማሪውን ስም ስትጠራለት ቀና ብሎ አያት።

"አቦ አዴ፣ ይሄ ክርስቲያን ነው። ምንሽ ነው?"

"ዘመዴ።"

"በየት በኩል?"

"በአባቴ በኩል።"

"አባትሽ ደግሞ ማን ሆነና?"

"አደም" አለችው። "ያንተም አባት ነው። በል ተቀበለኝ፣ እጄ ዛለ።"

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተቀበላት። የኔ ተራ ደረሰ። የሶማሌውን ስም ስጠራ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደግመሽ አለኝ፤ ደገምኩ። ምንሽ ነው ብሎ አልጠየቀም። ዕቃውን ወሰደ። ያን ቀን ዕቃዬ ሁለቱም ባዷቸውን ተመለሱ።

እንደዚህ እያልን ወራት ሄዱ። ረመዳን ሲገባ አዲስ ችግር መጣ። ምሳው ቀን ይገባል፣ ዕቃው ወዲያው ይመለሳል፤ የሚጾሙት ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ አይበሉም። አዴ ራሷ ጾማ፣ በዚያ ሙቀት ለእስረኛ ስታበስል ውላ በሩ ላይ ቆመችና "ዕቃው እስከ መግሪብ ይቆይላቸው" አለች። አይሆንም ተባለች። በነጋታው ደገመች። በሦስተኛው ቀን እኛ ክርስቲያኖቹም "የኛም ይቆይ" አልን፤ ሁሉም ዕቃ እኩል ከቆየ ማንም በተለየ አልተጠቀመም ማለት ነውና። ጠባቂው ሲሰለቸው ተወን። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ከዚያ በር ላይ ጠይቀን ያገኘናት የመጀመሪያዋ ነገር ስለሆነች እየተሳሳቅን ነው ወደ ቤት የሄድነው።

ረመዳን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ስቋጥር ወንድሜ ከአልጋው ሆኖ "ትናንት በላ?" አለኝ።

"ማን?"

"ያ ሰውዬ ነዋ።"

"በልቷል።"

"እሺ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ግን ምስሩን የሚለቅመው እሱ ሆነ።

ትልቁ ነገር የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን ነው። የዚያን ሳምንት ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ዕቃዬን ተቀብዬ ወደ ፋብሪካ ልሮጥ ነው። የባለቤቴ ዕቃ ባዶውን መጣ። የሶማሌው ዕቃ ግን እንደሰጠሁት ተመለሰ፤ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም።

"ለዚህኛው ከእንግዲህ አታምጪ" አለ ጠባቂው። አላየኝም።

"የት ሄደ?"

"እኔ አላውቅም።"

ይህን የማወራው ራሴን ለማመስገን አይደለም። በአንድ እጄ የባሌን ባዶ ዕቃ ይዣለሁ፤ ባሌ አለ። የሥራ ሰዓቴ ደርሷል። ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። እግሬ ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር። ከኋላዬ አዴ "ምን አለሽ?" ባትለኝ ኖሮ እሄድ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ነገርኳት። ትሪዋን መሬት አስቀመጠችና ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። "እኔ እስኪነገረን አልሄድም" አለች። ጮክ ብላም አይደለም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ይቅርታ ብላን ሄደች፤ ሌሎቹ እያመነቱ አንድ በአንድ መጡ። አሥር ሆንን።

ጠባቂው "ተነሱ፣ እዚህ መሰብሰብ ክልክል ነው" አለ። "አልተሰበሰብንም፤ ደክሞን ነው" አለች አንዷ። የዙሁር፣ የቀትር ሶላት፣ ሰዓት ደረሰ። አዴ ሻሿን አንጥፋ እዚያው ዛፉ ሥር ሰገደች። ስትጨርስ ጠባቂው ውሃ የያዘ ጣሳ ይዞ መጣ። ለሷ ሲሰጥ ጎንበስ ብሎ "በሕይወት አለ" አላት። "ከኋላ ያለችው ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው ያስገቡት። ሲመሽ መኪና መጥቶ ይወስደዋል ብለዋል። እኔ አልነገርኳችሁም።"

የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ፈረቃዬ ገባ። አልተነሳሁም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ከሸሚዙ ውጭ ነበር የሚታጠቀው። ማን እንዳደራጀን ጠየቀ። ቀጥሎ የሰውየውን ምሳ የምታመጣው ማን ናት አለ። ተነሳሁ።

"ምንሽ ነው?"

ዘመዴ ነው ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ምንም አይደለም። ሰው የለውም፤ እኔ ነኝ የማመጣለት።"

"ወንድምሽ እኮ ጦር ሜዳ ነው የቆሰለው። አታፍሪም?"

"ወንድሜን ማን እንዳቆሰለው አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይሄ ሰው ሻይ ሻጭ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ጥፋት ካለበት ፍርድ ቤት ይቅረብ። እስኪቀርብ ድረስ ግን ይብላ። ያለበትንም እንወቅ።"

ሊቀመንበሩ ሊመልስልኝ ሲል ከመንገዱ በኩል የንስሐ አባቴ ሲመጡ አየን። ማን እንደነገራቸው እስከዛሬ አላውቅም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ላብ እያጠመቃቸው መጡ። እጅ ነስተው ቆሙ።

"እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ መጡ?" አላቸው።

"እስረኛ ልጠይቅ ነው፣ ልጄ።"

"የትኛውን?"

የሶማሌውን ስም ከነአባቱ ጠሩ። አንድም ፊደል አልሳቱም። ሃይማኖታቸው የሚጠይቀውን ብቻ ለማድረግ እንደመጡ፣ ካልተፈቀደላቸው ከሴቶቹ ጋር እንደሚጠብቁ ተናገሩና ከአዴ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኚህ ፈሪ የሚባሉት ሰው ናቸው።

በዚህ መሀል ከመጋላ የሚመለሱ ሰዎች ቆም ቆም ማለት ጀመሩ። ባለ ጋሪዎች ፈረሳቸውን አቆሙ። የጮኸም የተሳደበም የለም። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየ። ሰውየው በሌሊት ቢወሰድ ማንም አይጠይቅም ብሎ አስቦ ነበር፤ አሁን ግን ግማሽ ሰፈር ስሙን ሰምቷል።

"ማን ገደለው አላችሁ? አለ እኮ" አለ።

"እንየዋ" አለች አዴ።

አወጡት። ረጅም ነው፤ ለመቆም በሩን ተደግፏል፤ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ምሳህን የምታመጣው ያቺ ናት አሉት። ቀስ ብሎ አየኝ። አማርኛው የተሰባበረ ነው።

"አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"አላህ ይስጥሽ።" ቆም አለና "በርበሬ ግን ቀንሺ" አለኝ። የምሩን ነው። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ሴቶቹ ሳቁ፤ ጠባቂውም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

ሊቀመንበሩ ለፖሊስ ጣቢያ ይተላለፋል፣ እዚያ ይጣራል አለ። አዴ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። "ዛሬ፣ ልጄ። አሁን፣ ፀሐይ ሳለ። እኛም እንሸኘዋለን" አለችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ሁለት ጠባቂዎች መሀል አድርገውት፣ ከኋላ አሥር ሴቶችና አንድ ቄስ፣ የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄድን። ተረኛው መቶ አለቃ ስሙን፣ የመጣበትን ቀንና ሰዓት መዝገብ ላይ ሲያሰፍር በመስኮት እያየን ቆምን። ምሳውንም እዚያው አስረከብኩ፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ያን ቀን ባንቀመጥ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ከዚያ በፊት ከዚያች ትንሽ ክፍል የወጡ ሰዎች እንዳልተመለሱ ግን አውቃለሁ። እነሱ በወጡ ጊዜ እኛ ሳናውቅ፣ ወይም አውቀን ቤታችን ሄደን፣ ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ።

በፋብሪካው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተጠራሁ። ተነስቼ "ፈረቃዬን ሳላስፈቅድ በመቅረቴ ጥፋተኛ ነኝ" አልኩና ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ሌላስ አለኝ። ሌላ ጥፋት የለኝም አልኩት። ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ወጥቼ ስሄድ የማላውቃት የሽመና ክፍል ሴት እጄን ይዛ "ስም ካላችሁ ለኔም ስጡኝ" አለችኝ። ከዚያ ወር ጀምሮ ለፖሊስ ጣቢያውም ምሳ የሚያደርሱ ሴቶች ነበሩን።

ባለቤቴ በስምንተኛው ወር ተለቀቀ። ክስ አልነበረበትም፤ ይቅርታም አልተጠየቀም። ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ መጣ። ወንድሜ በክራንቹ እስከ በር ሄዶ ተቀበለው። ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አሁንም ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። "ቀስ ብዬ" አለኝ። የአዴ ተማሪም ወጥቶ ግቢያችን ውስጥ አንድ ወር ያህል ከረመ፤ ለትምህርቱ ሲመለስ ሎሚ ቋጥራ ነው የሸኘችው። ሶማሌው ከሁሉም በኋላ፣ ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ተፈታ። የዚያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላገኘሁትም።

ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ ዘመድ ልጠይቅ በጅቡቲ መስመር ባቡር ተሳፈርኩ። ስሟን የማልጽፋት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ቆመ። ሻይ ሻጮች በመስኮት በመስኮት ይሮጣሉ። አንዱ ረጅም ሰው ብርጭቆ ይዞ አለፈኝ፣ ተመለሰ፣ አየኝ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ጀርባ ዞሮ ተጣራ። ሚስቱ ሦስት ልጆች አስከትላ እየሮጠች መጣች። አገኛቸው ማለት ነው። ሴትዮዋ በመስኮቱ የግመል ወተት የሞላ ዕቃ አቀበለችኝና በሶማሊኛ ብዙ ተናገረች። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ምን እያለች ነው አልኩት።

"ስምሽን ነው የምትጠይቅሽ" አለኝ። "ባሏ አያውቀውም አሉ።"

ነገርኳት። ከነአባቴ። ለልጆቿ ደገመችላቸው፤ ትንሿ ልጅ አጥፍታ ስትጠራው ሁላችንም ሳቅን። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ዕቃው በጢስ የታጠነ ስለሆነ ወተቱ ጢስ ጢስ ይላል፤ አልለመድኩትምና ትንሽ ቀምሼ ለተሳፋሪው አዞርኩት። እስከሚቀጥለው ጣቢያ አልቆ ነበር።